ከወንበሩ ልብስ ስር የቀረው ቀበቶ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበየው ዘንድ መኪና የሚያስገባ ሰው ሥራው በዕለቱ እንደማያልቅለት የሶዶ ሹፌር ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የመኪና ወንበር በማልበስ በከተማው እሱን የሚያህል አልነበረም፤ ከሳውላና ከዱራሜ ሳይቀር ስሙን ሰምተው ይመጡ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን እጁ ስፌት መኪናው ላይ፣ ጆሮው አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ነው። ደንበኛ ስለ ቀለም ሲጠይቀው ስለ ክር ይመልሳል። በሌላ ቀን ስፌት የማይስተው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ያጣምም ነበር። ምክንያቱም ቅዳሜ ሳሌም የምትመጣበት ቀን ነው።

ሳሌም የልጅ ልጁ ናት። እናቷ ሐመልማል የገበየውና የባለቤቱ የጣፈጠች አንዲት ልጅ ስትሆን፣ መልካሙ የሚባል የሁምቦ ሰው አግብታ አርባ ምንጭ ትኖራለች። ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ድሮ በአውቶቡስ ሲመጡ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ እሱም ለበዓል። በ2005 ዓ.ም. መልካሙ አንዲት ያገለገለች ነጭ አውቶሞቢል ሲገዛ ግን መንገዱ ራሱ ያጠረ መሰለ። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ መጥተው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመለሱ ጀመር።

ሳሌም ከመኪና ስትወርድ ወደ አያቷ ቤት አትሄድም፤ ቀጥታ ወደ ሱቁ ነው። ሱቁ ከተማው ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ካሠራቸው የቆርቆሮ ሼዶች አንዱ ነበር። እዚያ የስፖንጅ ክምር ላይ ትወጣና ቁራጭ ጨርቅ እየመረጠች ትከምራለች። ሁሉንም ትፈልጋለች፤ ሁሉንም ይሰጣታል። ጣፈጠች ምሳ ቀዘቀዘ ብላ ሰው ብትልክም ሁለቱ ሰምተው አያውቁም።

እሑድ ሲለያዩ ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ሳሌም ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከአባቷ ጀርባ፣ በግራው መስኮት በኩል ነው። ገበየው በመስኮቱ አንገቱን ያስገባና ግራ ጆሮዋ ላይ አፉን ለጥፎ በሹክሹክታ «ቶሎ ነይ» ይላታል። ጢሙ ስለሚኮረኩራት እየሳቀች ትንፈራገጣለች። ምን እንዳላት እናቷ ብትጠይቃት አትናገርም፤ ምስጢር ነው። መኪናዋ ኩርባውን እስክትዞር ገበየው ከመንገዱ ዳር አይነቃነቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት አስራ አራት ቀናት ለእሱ ቀን አልነበሩም፤ መጠበቂያ ነበሩ።

እንዲህ የሚወድ ሰው ለሚወዳት ልጅ መኪና ምን ያደርጋል? የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ገበየው የሚችለው ደግሞ ማልበስ ነው።

ያቺ ነጭ መኪና በመጣች በወሩ ለሁለት ቀን ሱቁ ውስጥ አስቀራትና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ልብስ ከነጭ ክር ጋር አለበሳት። የፊት ወንበሮቹን ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ጎን አጥብቆ ሰፋቸው። በወንበሮቹ የውጭ ጎን የአውራ ጣት የምታህል፣ የባዕድ ፊደል የተጻፈባት ጨርቅ ተሰፍታ ነበር። ገበየው አማርኛ እንጂ የፈረንጅ ፊደል አያነብም። እንደዚህ ያሉ ምልክቶች በሌሎች መኪኖች ላይም ስላየ የፋብሪካ ጌጥ ይመስሉታል፤ የልብሱን መልክ እንዳያበላሹ በመቀስ ቆርጦ ቁልፍ የሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላቸዋል። የዚህችንም መኪና ሁለት ምልክቶች ቆርጦ ጣለ።

የኋላው ወንበር ላይ ደግሞ ከሁሉም የሚኮራበትን አሠራሩን አሳረፈ። የቀበቶዎቹ መቆለፊያዎች እንደ ጉቶ ብቅ ብቅ ብለው ልብሱን ያበላሹ ነበርና ከስር ቀበራቸው። ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ሆነ። ይህ የእሱ ፈጠራ ነበር፤ ሌሎቹ ሰፊዎች መቆለፊያ የሚያስወጡበት ቀዳዳ ሲቀዱ እሱ አይቀድም። «ቀዳዳ የሌለው የገበየው ሥራ» እያሉ ባለመኪኖች ይፎክሩበት ነበር።

ሐመልማል መኪናውን ልትወስድ ስትመጣ ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችና ቆም አለች።

«አባዬ፣ በጣም ያምራል። የኋላው ቀበቶ መቆለፊያ ግን የት ሄደ?»

«ከስር አለ። ማን ይፈልገዋል ብለሽ ነው?»

«የሳሌም ወንበር የሚታሰረው በሱ ነዋ!» አለች። ለሳሌም ከአዲስ አበባ ያስመጣችው፣ ማሰሪያ ያለው የልጅ መቀመጫ ነበራት። በመሥሪያ ቤቷ አንድ ባለሙያ ልጅ በመኪና ሲሄድ በእንዲህ ያለ መቀመጫ መታሰር እንዳለበት አስረድቷት ነበር።

ገበየው ከልቡ ሳቀ። «ልጅ በገዛ አባቷ መኪና እንደ ሌባ ትታሰራለች? እኔ አንቺን ሳሳድግ በፒክአፕ ጀርባ ላይ አቅፌሽ ነው ከዱቦ እስከ ሶዶ የመጣሁት። ምን ሆንሽ?»

መልካሙም ሳቀና፣ «ትራፊክ ፖሊስ የሚያየው የሹፌሩን ነው። ከኋላ ያለውን ማን ያየዋል?» አለ። የራሱንም ቀበቶ ቢሆን የሚስበው ፖሊስ ሲያይ ነበር።

«አባዬ፣ እባክህ ቅደድልኝ። ትንሽ ቀዳዳ ናት።»

«እሺ፣ እሺ። በሚቀጥለው ስትመጡ» አላት።

በሚቀጥለው መጡ። ከዚያም በሚቀጥለው። ሳሌም ወደ ሱቁ እየሮጠች በገባች ቁጥር ገበየው ሌላውን ሁሉ ይረሳል። ሐመልማልም አባቷን መነዝነዝ እንደ ድፍረት ሆኖባት ዝም አለች። የልጅ መቀመጫው ሳይታሰር እንዲያው ከልሙጡ ወንበር ላይ ተደግፎ ይመላለስ ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ጣት የምታህል ቀዳዳ ለመቅደድ ለገበየው አምስት ደቂቃ አትፈጅበትም ነበር።

የ2006 ዓ.ም. ጊፋታ ደረሰ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስቀልም ጋር ስለሚገጣጠም በገበየው ቤት ደስታው ድርብ ነበር። አባቱ ከጉራጌ ደጋ ጨርቅ ተሸክመው ሶዶ ገብተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቤቱ የመልካሙን ወገኖች «ዮ ዮ ጊፋታ» ብሎ ተቀብሎ የመስቀልንም ክትፎ ያቀርባል። ሳሌም ሙሉ ሳምንት ከአያቶቿ ጋር ሰነበተች። ለገበየው ከዚያ የበለጠ በዓል አልነበረም።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ እንደ አገሩ ልማድ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝምና መኪናው መጫን ጀመረ። አንድ ከረጢት ቦዬ የሚባል ሥራ ሥር፣ አንድ ከረጢት ዝንጅብል፣ ሁለት የሙዝ ዘለላ፣ ጣፈጠች በእጇ ያዘጋጀችው ዳታ የሚባለው የበርበሬ ማባያ በትልቅ ዕቃ፣ ቅቤ፣ ቆጮ። የዕቃ መጫኛው ሞላ። ቦዬው ቀረ።

«ይቅር አባዬ፣ ይበቃናል» አለች ሐመልማል።

«ለልጄ የገዛሁት ቦዬ ሶዶ ይቀራል? ይልቅ ይሄ የልጅ ወንበር ነው ቦታ የያዘው። እዚሁ ይቆይ፤ በአስራ አምስት ቀን ትመጡ የለ?»

መቀመጫውን ራሱ አንስቶ ሱቁ ውስጥ አስገባ። ከረጢቱን በኋላው ወንበር መካከል አቆመው። ሳሌም በከረጢቱና በግራው በር መካከል ገባች። ጠበበኝ እንዳትል ደግሞ ገበየው አንድ ነገር አዘጋጅቶላት ነበር፤ በወይን ጠጅ ጨርቅ የተሰፋ፣ ስሟ በነጭ ክር የተጠለፈበት ትራስ። ትራሱን ከመስኮቱ በላይ ካለው የእጅ መያዣ ላይ በብረት መንጠቆ ሰቀለላት።

«እዚህ ላይ ተደግፈሽ ትተኛለሽ። ስትነቂ አርባ ምንጭ።»

ልጅቷ ጉንጯን ትራሱ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ለመሞከር ያህል ነው። ገበየው አንገቱን አስገብቶ ግራ ጆሮዋ ላይ «ቶሎ ነይ» አላት።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዕለቱ በመንገዱ ላይ ያለችው የተበላ ከተማ የገበያ ቀን ነበር። ከግራ በኩል ከገበያው የወጣ አይሱዙ መንገዱን ሳያይ ገብቶ ነጯን መኪና ከጎኗ መታት። ሳሌም ትራሷን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ስልኩ ሲደወል ገበየው መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር። ቁጥሩ የሐመልማል ነው፤ ድምፁ ግን የማያውቀው ሰው ነበር። እንዴት ሆስፒታል እንደደረሰ ኋላም አላስታወሰውም። ጣፈጠች ነጠላዋን አዙራ ለብሳ ከኋላው ስትሮጥ መንገድ ላይ ያዩ ሰዎች ናቸው ለሌላው የነገሩት። ሐመልማል ግንባሯ ተጭሮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። መልካሙ ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ተኝቷል። ሳሌም ደግሞ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ሆና በጣም አንሳ ታየችው፤ ከአራት ዓመት ልጅ ያነሰች። ትከሻዋ ተሰብሯል። ከግራ ጆሮዋ የፈሰሰው ደም አንገቷ ላይ ደርቋል።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ልጅቷ ተርፋለች፤ እግዚአብሔርን አመስግኑ። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፤ ውስጡም ክፉኛ ተጎድቷል። በዚያ ጆሮ ትሰማለች ብዬ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም» አለ። ከዚያም ወደ ሐመልማል ዞር ብሎ፣ «ቀበቶ አስራ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

ሐመልማል ወደ ልጅቷ ዞረች። አባቷንም አላየችውም። ገበየውን ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ያ አለማየቷ ልቡን ሰነጠቀው።

በሳምንቱ የተጎዳችው መኪና ተጎትታ ባዳቾ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋራዥ ገባች። ገበየው እግሩ እየጎተተው ሄደ። ከጣሪያው ጠርዝ፣ በመስኮቶቹ ላይ፣ እንደ መጋረጃ የወረደ የተጨማደደ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኤር ባግ ናት፣ ጋሽ ገበየው። የጎን ኤር ባግ» አለ ባዳቾ። ወላይትኛ አፉን የፈታበት ነውና አማርኛው ላይ ወንድና ሴቱን ማቀላቀል ልማዱ ነው። «መኪናው ከጎን ስትመታ ይቺ ዓይን ሳይጨፈን ትከፈታለች። በሰው ጭንቅላትና በመስታወቱ መካከል ልትገባ ነው የተሠራች። ግን ቦታ ትፈልጋለች። ሰው ቀበቶ አስሮ፣ ቀና ብሎ ከተቀመጠ ቦታ አላት። ልጁ ግን እዚያው ቦታዋ ላይ ተኝቷል። በዚያ ላይ ትራሱና መንጠቆው መውጫዋ ላይ ተሰቅሏል። ይዛው ወረደች፤ በጆሮው ላይ።»

«እንግዲያ ልጄን የጎዳት ይሄ ነዋ!» አለ ገበየው። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱን የሚጥልበት ነገር ያገኘ መስሎት ነበር።

«የለም፣ የለም! ይሄ ባይኖር በሩ ነበር ጭንቅላቱን የሚያገኘው። እሷማ ሥራዋን ሠርታለች። እኛ ነን ቦታዋን የያዝነው።» ባዳቾ ወደ ፊት ዞሮ የሹፌሩን ወንበር ጎን አሳየው። የወይን ጠጁ ልብስ ከስር አብጦ፣ ነጩ ክር ግን አንድም ቦታ ሳይበጠስ እንዳለ ነበር። «እዚህም አንድ አለች፤ የሹፌሩን ጎን የምትጠብቅ። ልትወጣ ታግላለች። ልብሱ አልለቀቃትም። ይገርማል፣ ጠንካራ ስፌት ነው።»

ባዳቾ ክፉ ሊናገር ፈልጎ አልነበረም። ገበየው በሕይወቱ ስፌቱ ሲመሰገን ያፈረው ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ባዳቾ ያበጠውን ልብስ ቀዶ ባወጣው ቦርሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያይ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፤ ማንበብ ሳይሆን መልካቸውን። በመቀስ ሲቆርጣቸው የኖሩ ፊደሎች ናቸው።

ሱቁ ገብቶ የቁልፍ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ከቁልፎቹ መካከል ትንንሾቹ ምልክቶች አንድ በአንድ ወጡ። ከሰባ በላይ ነበሩ። እያንዳንዷ ምልክት የአንድ ወንበር ጎን ናት። በእያንዳንዱ መኪና ደግሞ ከኋላ ልሙጥ ወንበር አለ፤ በልሙጡ ወንበር ላይ የሰው ልጅ ይቀመጣል። ጥግ ላይ የሳሌም መቀመጫ ባዶውን ቆሟል። ገበየው ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሳሌም ድና አርባ ምንጭ ተመለሰች። አዲስ አበባም ሄዳ በሐኪም ታየች፤ የሐኪሙ ቃል አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። በአስራ አምስተኛው ቀን ደግሞ መጣ። ሳሌም መኪና ስታይ ትጮህ ነበርና ማንም ወደ ሶዶ ሊያመጣት አልሞከረም። ጣፈጠች ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ አትችልም፤ ልጅቷ የተወችውን አንድ እግር ካልሲ አጥባ፣ አጣጥፋ ከትራስጌዋ አስቀመጠችው። ገበየው ለገና በአውቶቡስ ሄደ። ሳሌም በረንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ስትጫወት አገኛትና ከግራዋ ቀረብ ብሎ «ሳሌም» አላት። ዝም። ደገመው። ዝም። ከፊቷ ሲቆም ብቻ ነው ዘላ የተጠመጠመችበት። ያን ቀን አቅፏት ብዙ ቆየ።

ሊመለስ ሲል ሐመልማል እስከ በር ሸኘችው። «አንተ ስትፈልግ ና፣ አባዬ» አለችው። «እሷን ግን መኪና ውስጥ አስገቢ አትበለኝ።»

«አልልሽም» አላት። ሌላ የሚናገረው ነበረው፤ ግን ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ናፍቆት ሰውን ወይ ያስቀምጠዋል ወይ ያስነሳዋል። ገበየውን አስነሳው። ከአርባ ምንጭ በተመለሰ ማግስት መቀሱንና መርፌውን በቦርሳ ይዞ ያለበሳቸውን መኪኖች መፈለግ ጀመረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ በሥራ ቀን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ይዞራል። የመኪናውን ባለቤት ያስፈቅድና የኋላውን ወንበር ልብስ ቀዶ መቆለፊያዎቹን ያወጣል፤ የፊቱን ወንበር የጎን ስፌት ይፈታል። ከተማው ሳቀበት። «ገበየው ማልበስ ሰልችቶት ማራቆት ጀመረ» አሉ። «ስንት ዓመት የሠራውን በመቀስ ያፈርሳል፤ ነካ አድርጎታል መሰለኝ» ያሉም ነበሩ። እሱ ግን ከቆርቆሮው ምልክቶች መካከል ባለቤቱን ያገኘለትን እያነሳ ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውር ነበር።

ጉልላት የሚባል የቡና ነጋዴ አዲስ መኪና ይዞ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከኋላ ሁለት ልጆች ቆመው በመስኮት ብቅ ይላሉ።

«ጋሽ ገበየው፣ ያንን ቀዳዳ የሌለውን ሥራ እፈልጋለሁ።»

«ያ ሥራ ቀርቷል። ቀበቶው የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው እሠራልሃለሁ። የፊት ወንበሩን ጎን ደግሞ አላለብስም፤ ውስጡ ኤር ባግ አለ።»

«ኤር ባግ ካለማ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ቀበቶው ለኛ ነው፤ ልጆቹ ከኋላ ናቸው።»

«ልጆቹ ከኋላ ስለሆኑ ነው የምልህ!» ገበየው ድምፁ ከፍ አለ። «ኤር ባግ ያልታሰረ ልጅ አይጠብቅም። ልጅ በልኩ በተሠራ መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ ታስሮ፣ ቀና ብሎ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ነው የሚያድነው። በሩን ተደግፎ ከተኛ ግን ሊያድነው የመጣው ይመታዋል። እኔ ይህን በልጄ ልጅ ጆሮ ነው የተማርኩት። አንተ በእኔ ተማር።»

ጉልላት ተናዶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሶ መጣ፤ ሚስቱ ልካው ነበር። ገበየው ለልጆቹ እንዴት እንደሚታሰር ያሳያቸው በሳሌም መቀመጫ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያሳይ ጀመር። ወደ ጥግ ማየት የሚፈራውን ያን መቀመጫ በየቀኑ እየነካ ለመደው። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ግን አቧራውን ጠርጎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የሰው ልጅ አንድም ቀን ይዞት እንዲሄድ አልፈቀደም።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ጣፈጠች ታመመችና ሐመልማል ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች። እናቷን አይታ ወደ ሱቁ ስትወርድ አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንዲት እናት ፊት ተንበርክኮ፣ አንድ ሕፃን በዚያ መቀመጫ ላይ እያሰረ አገኘችው። «እዚህ ላይ እንዳይላላ። ቢያለቅስም አትፍቺው፤ ለቅሶው ያልፋል» ይላል። እናትየዋ ልጇን ይዛ እስክትሄድ ሐመልማል በሩ ላይ ቆመች።

ገበየው ዞር ሲል አያት። ከተንበረከከበት ሳይነሳ ተናገረ።

«ጠይቀሽኝ ነበር። ትንሽ ቀዳዳ ናት ብለሽ ለመንሽኝ። በሚቀጥለው አልኩሽ። ወንበሯንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ከረጢት ቦዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሳልነግርሽ ስኖር አፈርኩ።»

«እኔም ዝም ብያለሁ፣ አባዬ» አለች ሐመልማል እንባዋ እየወረደ። «እናቷ እኔ ነኝ። ይቀየመኛል ብዬ ዝም አልኩ። አንተን ስሸሽ የኖርኩት ራሴን ነው።» አጠገቡ ተንበረከከች። ሁለቱም የተላቀሱት በዚያች ባዶ መቀመጫ ላይ ተደግፈው ነው።

አርባ ምንጭ ስትመለስ ሐመልማል ልጇን ከመኪና ጋር ማላመድ ጀመረች። መልካሙ ሌላ መኪና ገዝቶ ነበር፤ እሱም የጎን አጥንቱ ካስተማረው ወዲህ ቀበቶ ሳያስር ቁልፍ አያዞርም። ሳሌምን መጀመሪያ በቆመ መኪና አስቀመጧት። ከዚያ እስከ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ እስከ ትምህርት ቤት። ልጅቷ ቀበቶዋን በእጇ ስትይዝ ፍርሃቷ እየቀነሰ ሄደ።

የ2008 ዓ.ም. ጊፋታ ቅዳሜ ገበየው ሱቁን አልከፈተም። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሟል። የመኪናው ቀለም ሌላ ስለሆነ መጀመሪያ አላወቃትም። የኋላው በር ሲከፈት ሳሌም ቀበቶዋን ራሷ ፈትታ ወረደች። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። ወደ ሱቁ ሮጠች። ገበየው ተከትሎ ከፈተላት። ያን የጠበቀውን፣ ሁለት ዓመት አቧራውን የጠረገውን መቀመጫ አውጥቶ አቀረበላት። ሳሌም ልትቀመጥ ሞከረች፤ ወገቧ አልገባም። ትከሻዋ ከማሰሪያው በላይ ወጥቷል።

«አባባ፣ ይሄ የሕፃን ነው» አለችው እየሳቀች። «እኔ አሁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ነው ያለኝ።»

ገበየውም ሳቀ። ያመለጡት ቅዳሜዎች ስንት እንደሆኑ ልጅቷ በቁመቷ ነገረችው። መቀመጫውን ያን ዕለት ሕፃን ልጇን እንዴት እንደምታስር ልትጠይቀው ለመጣች አንዲት መምህርት ሰጣት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆችና አያቶች፣ ገበየውን ክፉ ሰው አትበሉት። ከእኛ የተለየ ሰው አይደለም። ልጁን ከማንም በላይ ይወዳል፤ ፍቅር ግን ማሞላቀቅ ብቻ ሳይሆን መጠበቅም መሆኑን አልተማረም ነበር። መኪናችሁ ኤር ባግ ስላለው ብቻ ልጃችሁ ደኅና ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ከኋላ ያለው ልጅ ይታሰር፤ በልኩ መቀመጫ ይኑረው፤ በሩን ተደግፎ አይተኛ፤ ከመስኮቱ በላይ ምንም አይሰቀል፤ ዕቃ የልጅን ቦታ አይውሰድ። ወንበራችሁንም ስታለብሱ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። ይህ ሁሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «በሚቀጥለው» አትበሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪናው ተነሳ። ከቦዬውና ከሙዙ በዕቃ መጫኛው ያልገባው ሶዶ ቀረ፤ ጣፈጠች አጉረመረመች እንጂ ማንም አልሰማትም። ሳሌም ከፍ በሚያደርገው መቀመጫዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ገበየው ቀበቶውን ስቦ ራሱ ቆለፈላት። ጠቅ አለ።

ከዚያ እግሩ በልማድ ወደ ግራው መስኮት ወሰደው። አንገቱን አስገብቶ ጆሮዋ ላይ አፉን ለጠፈና ተናገረ። ሳሌም ፊት ለፊት እያየች ነበር። ጢሙ ሲኮረኩራት ብቻ ዞረች።

«አባባ፣ ያኛው አይሰማም። ዞረህ ና።»

ገበየው መኪናውን ዞረ። ጥቂት እርምጃ ናት፤ ለእሱ ግን ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ረዘመችበት። የቀኙን በር ከፈተ። ሳሌም ልታቅፈው ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ ቀበቶው ግን ይዟት አልደረሰችበትም። ድሮ ቢሆን ይፈታላት ነበር። አሁን አልፈታላትም። ራሱ ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡ እያቃሰተ፣ እስከ እጆቿ ገባላትና በሚሰማው ጆሮዋ «ቶሎ ነይ» አላት።